የጨው ውሃ ስሌት እንዲረጋ

ስዊዘርላንድ የባህር ዳርቻ የላትም። ሆኖም የባህር ውሃ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንዴት ሰርጎ እንደሚገባ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች ከሚፈተኑባቸው ሙከራዎች አንዱ የተሠራው ዙሪክ ውስጥ ነው። የሙከራው ዋጋ የሚገባን ግን ስሌቱ ለምን እንደሚያስቸግር ስናውቅ ነው።

አንድ ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ 1000 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የባህር ውሃ ደግሞ 1025። ይህ የእፍጋት፣ ማለትም በአንድ ይዘት ውስጥ የታጨቀ ቁስ መጠን ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ከባዱን ውሃ ከቀላሉ ሥር ያስገባዋል። ያኔ ፍሰቱ ይለወጣል፤ ፍሰቱ ሲለወጥ ጨው የሚሄድበት መንገድ ይለወጣል፤ ጨው ቦታ ሲቀይር ደግሞ እፍጋቱ እንደገና ይቀየራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፍሰቱን ያሰላል፣ በዚያ ፍሰት ጨውን ያንቀሳቅሳል፣ አዲሱን እፍጋት ይዞ ወደ ፍሰቱ ይመለሳል። ይህ የፒካር ድግግሞሽ ይባላል። በተከታታይ ዙሮች መካከል ያለው ልዩነት አስቀድመን ከወሰንነው ገደብ ሲያንስ ስሌቱ ረጋ እንላለን።

በየዙሩ ብዙ እኩልታዎች በአንድ ላይ ይፈታሉ። የጄኔቫው ገብርኤል ክራመር በ1750 ያሳተመው ደንብ ለሁለትና ለሦስት እኩልታ ግሩም ነው፤ ለሺዎች ግን አይሆንም። የዙሪኩ ኤድዋርድ ሽቲፈል ከማግነስ ሄስተነስ ጋር በ1952 ያወጣው ዘዴ ግን የከርሰ ምድር ውሃን ፍሰት ለመፍታት ዛሬም ይሠራበታል።

ስሌቱ አልረጋ ሲል ብዙዎች ገደቡን ያላላሉ። እኔ አስቀድመው ሳጥኖቹን እንዲያዩ እመክራለሁ። ሞዴሉ መሬቱን በሳጥን በሳጥን ይከፍላል፤ የሳጥኑ ርዝመት ለስርጭት ርዝመቱ፣ ማለትም ጨው በአሸዋው ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚበተን ለሚገልጸው መለኪያ፣ ሲካፈል የፔክሌ ቁጥርን ይሰጣል። ሳጥኑ 10 ሜትር፣ የስርጭት ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ ቁጥሩ 10 ነው፤ ከ2 ባይበልጥ ይመረጣል። ሲበልጥ፣ በሊትር 35 ግራም ጨው ባለው ባህር ዳር ሞዴሉ 38 ወይም ከዜሮ በታች 3 ሊያወጣ ይችላል። ይህ የሌለ ጨው የሌለ እፍጋት ይፈጥራል፤ የሌለው እፍጋት ፍሰቱን ያናውጣል፤ ዙሩም ይዋልላል። ሳጥኑን ካሳነሱ በኋላ የጊዜ እርምጃውንም ያሳጥሩ፤ ውሃው በአንድ እርምጃ ከአንድ ሳጥን በላይ እንዳይዘል። መነሻዎ የረጋ የንጹህ ውሃ ፍሰት ይሁን፤ የእፍጋቱን ልዩነት ቀስ በቀስ ያስገቡ።

አሁን ወደ ዙሪክ እንመለስ። በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ሳሻ ኦስቫልድና ቮልፍጋንግ ኪንዝልባኽ ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በብርጭቆ ጠጠር ሞሉ። ከታች ጨዋማ ውሃ፣ ከላይ ንጹህ ውሃ አደረጉ። ንጹህ ውሃ ከላይ በአንዱ ማዕዘን ሲገባ፣ በተቃራኒው ማዕዘን ከሚወጣው ውሃ ጋር ምን ያህል ጨው እንደሚመጣ ለኩ። በአንዱ ሙከራ ጨው ከውሃው ክብደት 1 በመቶ፣ በሌላው 10 በመቶ ነበር። በ10 በመቶው ጨዋማውና ንጹሁ ውሃ የሚገናኙበት ንብርብር እጅግ ስስ ይሆናል። ሰፋፊ ሳጥን ያለው ሞዴል ንብርብሩን ያደበዝዘዋል፤ ስሌቱ ረግቶም ቢሆን ከተለካው የበዛ ጨው ያወጣል።

ስለዚህ ስሌቱ ሲረጋ አይቁሙ። ሳጥኖቹን በግማሽ አሳንሰው ደግመው ያስሉ። መልሱ ከተንቀሳቀሰ የመጀመሪያውን ውጤት ለማንም አያስረክቡ።