አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን ለአንጀት ሕመም፦ ቅድመ ማብራሪያ ስለማስፈለጉ

ኢሪተብል ባወል ሲንድረም የሆድ ቁርጠትን ከተቅማጥ ወይም ከድርቀት ጋር የሚያስከትል ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ለዚህ ሕመም የፀረ ድብርት መድኃኒት የታዘዘለት ታካሚ ሕመሙ እንደ ምናብ የተቆጠረበት መስሎት ሕክምናውን ሊተው ይችላል። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2023 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመው የአትላንቲስ ጥናት ለዚህ ጥርጣሬ ምላሽ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና ያልረዳቸው 463 ታካሚዎች በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን ወይም ማስመሰያ ክኒን ለ6 ወራት ወስደዋል። መድኃኒቱን የወሰዱት የሕመም ምልክታቸው ይበልጥ ቀንሷል፤ በጭንቀትና በድብርት መለኪያዎች ግን ልዩነት አልታየም። ይህም ጥቅሙ የሚገኘው ድብርትን በማከም አለመሆኑን ያመለክታል። ስለሆነም ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ይህንኑ ልዩነት፣ እንዲሁም መድኃኒቱ አፍን ሊያደርቅና ድርቀትን ሊያባብስ እንደሚችል ማስረዳት ይኖርበታል።