ምንጩን በአባታችሁ ስም

ጥያቄ፦ እኔና እኅቶቼ በአባታችን ስም አንኮበር ለሚገኝ የገጠር ቀበሌ የመጠጥ ውኃ ማስገባት እንፈልጋለን። የቤተሰብ ፋውንዴሽኖች ገንዘቡን እንዴት ያወጡታል?

መልስ፦ ሐሳባችሁ ደስ ያሰኛል። በርበር የተባሉ ባልና ሚስት በ2000 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ያቋቋሙት ግሊመር ኦፍ ሆፕ የተባለ ፋውንዴሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። ባልየው ኩባንያውን ሸጦ ካገኘው ሀብት መነሻ ገንዘብ አስቀመጡ፤ የአስተዳደር ወጪው ከዚያ ስለሚሸፈን ሌላው የለገሰው በሙሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ለውኃ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋም ዋለ። ግንባታውን ያሠሩትም በአገር በቀል ድርጅቶች በኩል ነው። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል።

አንኮበር ተራራማ ነው፤ ከመንደሩ በላይ የማይደርቅ ምንጭ ካለ ውኃው ያለ ሞተር ቁልቁል ይወርዳል። አደራ፣ የጥገናውን ገንዘብ ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቦኖ ሲበላሽ የሚጠግነውንም ሰው ነዋሪው ራሱ ይምረጥ።