የሞተር ብስክሌት ሞላና አሞርዛተር አስተካከል፦ ለውድድር ሜዳና ለከተማ ጎዳና

ሞተር ብስክሌት ከመንገድ ጋር የሚገናኘው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። የፊቱም ሆነ የኋላው ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ስፍራ ስፋቱ ከሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ፍሬን የሚይዘው፣ ኩርባ የሚታጠፈው፣ በዝናብም ሚዛን የሚጠበቀው በእነዚሁ ሁለት መዳፎች ነው። ጎማው ለቅጽበት እንኳ መሬቱን ከለቀቀ የአሽከርካሪው ችሎታም ሆነ የፍሬኑ ጥራት ሊያግዝ አይችልም። ሞላና አሞርዛተር የተሠሩት ከምቾት አስቀድሞ ለዚሁ ነው፤ ጎማው ከመንገዱ እንዳይለይ።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አሽከርካሪ ሁለት ፍጹም የተለያዩ መንገዶች ያጋጥሙታል። የመጀመሪያው የዕለት ተዕለቱ ጎዳና ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ 103 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የቀለበት መንገድ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚጓዝ ሰው የፖቶማክ ወንዝን በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ሊሻገር ይችላል። ድልድዩ መርከብ ለማሳለፍ የሚከፈት በመሆኑ የብረት መጋጠሚያዎች አሉት። በበረዶው ወራት ደግሞ በአስፋልት ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ሲቀልጥም ጉድጓድ ትቶ ያልፋል። በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ በፕሪንስ ጎዳና ላይ እስከ ዛሬ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ አለ። ሁለተኛው መንገድ የውድድር ሜዳ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሰሚት ፖይንት ዋና ሜዳ 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። በዚያ ጉድጓድ አያሰጋም፤ ፈተናው በከፍተኛ ፍጥነት ፍሬን መያዝና አዘንብሎ መታጠፍ ነው። ቅዳሜ ለሜዳው የጠነከረ ሞተር ሳይስተካከል ሰኞ ጠዋት በእርጥብ ድልድይ ላይ ከተነዳ ጎማው በመጋጠሚያዎቹ ላይ እየዘለለ መሬቱን ሊለቅ ይችላል።

ለማስተካከል የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሁለቱን ክፍሎች ሥራ መለየት አለበት። ሞላ ክብደትን ይሸከማል፤ ሲታመቅ ኃይል ያከማቻል፤ ሲለቀቅም ያንኑ ኃይል ይመልሳል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 እንዳሳተመው፣ ሞላ የሚመልሰው ኃይል ከታመቀበት ርዝመት ጋር በእኩል መጠን ያድጋል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ደጋግሞ ይነጥር ነበር። ይህን የሚገታው አሞርዛተር ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ የንጥረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፕሪሎድ በሚባለው ማስተካከያ ላይ ነው። ፕሪሎድ ሞላው ገና ጭነት ሳያርፍበት አስቀድሞ የሚታመቅበት መጠን ነው። ማስተካከያውን ማጥበቅ ሞላውን የሚያጠነክረው ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የፊት ሹካው ሁለት ሞላዎች በአንድነት አንድ ሚሊ ሜትር ለመታመቅ 18 ኒውተን ይፈልጋሉ፤ የሚያርፍባቸውም ጭነት 900 ኒውተን ነው እንበል። ሞላዎቹ በጠቅላላው 50 ሚሊ ሜትር ይታመቃሉ። ፕሪሎዱ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሹካው በጭነቱ የሚወርደው 35 ነው፤ ፕሪሎዱ 20 ቢሆን የሚወርደው 30 ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ ፍሬን ተይዞ ተጨማሪ 180 ኒውተን ቢያርፍበት ሹካው ያው 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የተለወጠው የሞተሩ ቁመት እንጂ የሞላው ጥንካሬ አይደለም። ሞላው ለአሽከርካሪው ክብደት የማይመጥን ከሆነ መፍትሔው ሞላውን መለወጥ ነው።

ሞተሩ በአሽከርካሪው ክብደት የሚወርድበት መጠን ለከተማ መንገድ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር፣ ለውድድር ሜዳ ደግሞ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። ይህ ዝቅታ ከንቱ አይደለም፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚዘረጋው በዚህ መጠን ነው። ዝቅታው እጅግ ካነሰ ጎማው ጉድጓዱን ሊከተል ስለማይችል በአየር ላይ ይቀራል።

ልኬቱ ሦስት ሰውና አንድ ሜትር ይጠይቃል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሞላው ሙሉ በሙሉ እንደተዘረጋ፣ ከጎማው መሐል ዘንግ እስከ አንድ ቋሚ ምልክት ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያም አሽከርካሪው የመንጃ ልብሱንና የራስ ቁሩን ለብሶ ይቀመጥበታል፤ አንዱ ረዳት ሞተሩን ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ያንኑ ርቀት እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልዩነት የሚፈለገው ቁጥር ነው። ከፊትም ከኋላም ለየብቻው ይለካል።

ቀጥሎ የአሞርዛተሩ ተራ ነው። ሪባውንድ የሚባለው ማስተካከያ የታመቀው ሞላ የሚመለስበትን ፍጥነት ይገታል። ኮርቻው በኃይል ተጭኖ ሲለቀቅ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሊረጋ ይገባል። ከፍ ዝቅ እያለ ከቀጠለ ግትቱ አንሷል፤ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ከተነሣ በዝቷል። ግትቱ ሲበዛ ተከታታይ ጉድጓዶች ባሉበት ሞላው ሳይመለስ ሌላው ስለሚደርስበት ሞተሩ ደረጃ በደረጃ እየሰመጠ ይደርቃል።

ኮምፕሬሽን በበኩሉ ሞላው የሚታመቅበትን ፍጥነት ይገታል። ሲያንስ ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ በአፍንጫው ይደፋል፤ ሲበዛ እያንዳንዱ የመንገድ ጉርባጥ በቀጥታ ወደ እጅ ይደርሳል። በአንዳንድ ሞተሮች ይህ ማስተካከያ ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ፍጥነት የተባለው የሞተሩ ሳይሆን የአሞርዛተሩ ዘንግ የሚንቀሳቀስበት ነው። ፍሬን ዘንጉን በዝግታ ሲገፋው፣ የፕሪንስ ጎዳና ድንጋይ ግን ሞተሩ በእግረኛ ፍጥነት ቢጓዝ እንኳ ዘንጉን በድንገት ይመታዋል።

የአሠራሩ ሥርዓት አጭር ነው። የጎማው የአየር ግፊት ጎማው ሳይሞቅ ይስተካከል። የየብሎኑ አቀማመጥ ተቆጥሮ በወረቀት ይጻፍ፤ ይህም ወደ ቀኝ በቀስታ እስኪዘጋ በማዞርና ጠቅታዎቹን በመቁጠር ይታወቃል። ከዚያ ብሎኑ ወደ ነበረበት ወይም የፋብሪካው መመሪያ ወደሚያዘው ቁጥር ይመለስ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ከሁለት ጠቅታ ሳያልፍ ተለውጦ በዚያው መንገድ ይሞከር። ከሜዳው በፊት የከተማው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለ፣ ከሜዳው በኋላ መመለሱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ለሜዳው የተቀነሰ የጎማ ግፊትም አብሮ ይመለስ።

በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ የሚነዱት ትንንሽ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ያላቸው ማስተካከያ በኋላው ሞላ ሥር ያለው ባለ ደረጃ ቀለበት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሥራው ያው ፕሪሎድ ነው። ሰው ከኋላ ሲጫን ወይም ዕቃ ሲበዛ ቀለበቱን ከፍ ማድረግ የሞተሩን ቁመት ይመልሳል፤ ጭነቱ ሲወርድም ቀለበቱ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት።

አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው ደግሞ የወረሰው የቀድሞውን ባለቤት ክብደትና አነዳድ ጭምር መሆኑን ያስታውስ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ100 ኪሎ ሰው በተስተካከለ ሞተር ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ድርቀት የሞተሩ ጠባይ ላይሆን ይችላል። አንድ ሜትር፣ ሁለት ረዳትና ግማሽ ሰዓት እውነቱን ያወጡታል።