አንድሮይድ ወይስ አይፎን? የስልካችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ እትም የምናነሳው በየዶርሙ የማያባራውን ክርክር ነው፤ አንድሮይድ ይሻላል ወይስ አይፎን? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በካሜራ ይጀመራል፣ ባለ አይፎኑና ባለ ሳምሰንጉ ሲቀላለዱም ያልቃል። እኛ ግን ከማራኪ እስከ ቴዎድሮስ ግቢ ላለው፣ ኪሱ ለሚታወቀውና ኔትወርክም መብራትም አንዳንዴ ለሚጠፋበት ተማሪ የሚጠቅመውን ጥያቄ እናስቀድም፤ በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ወሳኙ ማን ነው? የሁለቱ ልዩነት ከሞላ ጎደል ከዚህ ይመነጫል። (ከታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳ፣ ስክሪኑን፣ ባትሪውን፣ ሲሙንና መተግበሪያዎቹን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በ2007 ለገበያ አቀረበ። ጉግል ደግሞ አንድሮይድ የተባለውን ትንሽ ኩባንያ በ2005 ገዝቶ ነበርና የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 ወጣ። ሁለቱ የመረጡት መንገድ ገና ከጅምሩ የተለያየ ነው። አፕል ስልኩንም ሶፍትዌሩንም (አይኦኤስ የሚባለውን) ራሱ ይሠራል፣ ለሌላ አምራች አይሰጥም። ጉግል የአንድሮይድን መሠረት ክፍት አድርጎ ለቀቀው፤ ስለዚህ ሳምሰንግም፣ ቴክኖም፣ ኢንፊኒክስም፣ አይቴልም ወስደው የራሳቸውን ገጽታ አልብሰው ይሸጡታል። የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ሲገጣጥም የቆየውም በዚሁ ክፍት መንገድ ነው። አይፎን አንድ ቤት ነው፤ አንድሮይድ ሰፈር ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጥሩም መጥፎም ቤት ይኖራል።

በመልክ በኩል ያለው ልዩነት ከሚወራው ያነሰ ነው ባይ ነኝ። ማስታወቂያዎችን ከላይ ወደ ታች ስቦ ማየት መጀመሪያ የነበረው በአንድሮይድ ነው፤ አይፎን ያመጣው በ2011 ነው። በመነሻ ገጽ ላይ ዊጄት ማስቀመጥ በአይፎን የተቻለው በ2020፣ የመተግበሪያ ምልክቶችን በፈለጉት ቦታ መደርደር የተቻለው ደግሞ ገና በ2024 ነው። አንድሮይድም በተራው ስክሪንን በጣት እየጠረጉ መመለስን የመሰለውን ከአይፎን ወስዷል። የአይፎን ጥቅሙ አንዴ የለመዱት ነገር በሁሉም ሞዴል ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከቴክኖ ወደ ሳምሰንግ የተሻገረ ሰው ግን ሴቲንግ ውስጥ የሚፈልገውን ለማግኘት እንደገና ይደናበራል።

ለእኛ ትልቁ የመልክ ጥያቄ ቋንቋ ነው። አንድሮይድ ስልክ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ሴቲንጉም፣ ማስጠንቀቂያውም በአማርኛ ይመጣል። የአይፎን ሲስተም ግን ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ለተማሪ ይህ ብዙም አይከብድ ይሆናል። ዳባት ወይም ደባርቅ ላሉ እናት ስልክ የሚገዛ ልጅ ግን ቢያስብበት ይሻላል። የመጻፊያው ጉዳይ ቀለል ይላል፤ አይፎን ከ2014 ጀምሮ ከሌላ አምራች የመጣ ኪቦርድ ስለሚቀበል ግዕዝኢሜን የመሰለውን ጭኖ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። በአንድሮይድም የጉግል ኪቦርድ ራሱ አማርኛ ይዟል።

አሁን ወደ ፋይል እንሂድ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ስልክ ከስልክ ጋር በቀጥታ መነጋገር መቻሉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ ታየ። በአንድሮይድ ሀንድአውት፣ የቂርኣት ድምፅም ሆነ መተግበሪያው ራሱ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል። አይፎን ከአይፎን ጋር በኤርድሮፕ እጅግ በፍጥነት ይላላካል፣ በብሉቱዝ ግን ለአንድሮይድ ፋይል አይልክም። ዜንደርን የመሰሉት በአይፎንም ላይ አሉ፤ ፎቶና ቪዲዮ ያሻግራሉ፣ መተግበሪያ ግን አያሻግሩም። በአይፎን ላይ መተግበሪያ የሚጫነው በአፕል መደብር በኩል ነው፤ ከዚያ ውጭ መጫን የተፈቀደው በአውሮፓ ኅብረትና በመሳሰሉት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ወር አዲስ አይፎን የያዘ ተማሪ ባዶ ስልክ ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያም የለውም፤ ርካሾቹ የአንድሮይድ ስልኮች ግን አብዛኞቹ አላቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው ክፍት በር ሌባም ይገባበታል። ከጓደኛ በዜንደር የተቀበልነው የመተግበሪያ ፋይል ከየት እንደመጣ፣ በመሃል ማን እንደነካካው አናውቅም። "የተከፈለበት አፕ በነፃ" ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ችግሩ በተጠቃሚው ስህተት ብቻ የሚመጣም አይደለም። በ2020 የወጣ ምርመራ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ገና ከካርቶን ሳይወጡ ተጭነው እንደነበር አሳይቷል። ባለቤቱ ሳያውቅ ለሚከፈልባቸው አገልግሎቶች እያስመዘገቡ የአየር ሰዓቱን ይበሉ ነበር። ኩባንያው ምንጩ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አቅራቢ መሆኑንና ማስተካከያ መልቀቁን ገልጿል። እኔ ከዚህ የምወስደው ቴክኖ አትግዙ የሚለውን አይደለም። የአንድሮይድ ስልክ ሲገዛ የሚገዛው የጉግል ሥራ ብቻ ሳይሆን በመሃል ያለው ሰው ሁሉ ሥራ መሆኑን ነው። "ካርድ ሞላሁ፣ ወዲያው አለቀ" የምትሉ ካላችሁ የተጫኑትን መተግበሪያዎች ዝርዝር አንድ በአንድ እዩ።

በዚህ ላይ የዕድሜ ጉዳይ አለ። በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ እስከ 2021ዱ አይኦኤስ 15 ድረስ አዲስ ሲስተም ይደርሰው ነበር። ጉግልና ሳምሰንግም ለውድ ስልኮቻቸው በቅርቡ የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ተማሪ የሚገዛው ርካሽ ስልክ ግን አንድ ጊዜ ቢሻሻል ነው፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይሻሻልም። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ በዚያው ስልክ ላይ ስላለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩ ካረጀና የደኅንነት ማሻሻያ ካቆመ ገንዘብን በ*127# መላክ ያረጀውን ሲስተም ከመታመን ይሻላል።

እንግዲያው ያገለገለ አይፎን ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ? ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አይፎን ወደ ጎንደር የሚመጣው በአመዛኙ በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ይልከዋል፣ ወይ ፒያሳ ካሉ ሱቆች ያገለገለ ይገዛል። በሁለቱም መንገድ ሦስት መቆለፊያዎች ሊኖሩት ይችላል። የመጀመሪያው የአፕል መለያ ቁልፍ ነው። ከ2013 ጀምሮ የቀድሞው ባለቤት መለያውን ካላነሳ ስልኩ ሁሉም ነገር ተደምስሶ እንኳ የዚያን ሰው የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሁለተኛው የኔትወርክ ቁልፍ ነው፤ በአሜሪካ በየወሩ ክፍያ የተሸጠ ስልክ የዚያን አገር ኩባንያ ሲም ብቻ ሊቀበል ይችላል። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ "ካሪየር ሎክ" በሚለው ትይዩ "ኖ ሲም ረስትሪክሽንስ" ካላለ አትክፈሉ። ሦስተኛው ቁልፍ ባይባልም ያው ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ስልኮች የሲም ማስገቢያ ጭራሹን የላቸውም፣ የሚሠሩት በኢ-ሲም ብቻ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ይዞ በሁለቱ ጥቅል ለሚተዳደር ተማሪ ይህን ሳያጣሩ ዘመድን "አይፎን ላኩልኝ" ማለት ዘመድንም ራስንም ማስቸገር ነው።

ብዙም የማይነገር አራተኛ ጉዳይ አለ። አፕል መደብሩን በይፋ ከከፈተባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው መለያ የሚከፍተው በሌላ አገር ስም ነው። ብዙ ሰው አይችለውምና ሱቁ ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉም ሱቁ ጋር ይቀራል። ያ መለያ ከርቀት ስልኩን ሊቆልፍ፣ ፎቶውንም ሊያሳይ ይችላል። ለእህቶቻችን በተለይ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው፤ በሌላ ሰው መለያ በተከፈተ አይፎን ላይ አንድም ፎቶ አታንሱ። መለያውን በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ራሳችሁ ክፈቱ፣ የማትችሉ ከሆነ የምታምኗት ጓደኛ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ ትምራችሁ። ሻጩም ወገን ቢሆን የስልኩን ቁልፍና የባትሪውን ሁኔታ ሳይናገር መሸጡ ኡለማዎቻችን ገረር ከሚሉት፣ ማለትም የተደበቀ ነገር ካለበት ሽያጭ፣ የሚገባ ነው። በመስጂድ መተዋወቅ ዕቃውን ከመፈተሽ አያስቀርም።

አሁን ሁላችንንም ወደሚመለከተው የሶላት መተግበሪያ እንምጣ። በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድረ ገጽ እንደዘገበው፣ ሙስሊም ፕሮን ጨምሮ ከበርካታ መተግበሪያዎች የተጠቃሚዎች መገኛ ቦታ ኤክስ-ሞድ ወደተባለ ደላላ ኩባንያ ይሄድ ነበር። የኤክስ-ሞድ ደንበኞች ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩ። አዛን እንዲያሰማን የጫንነው መተግበሪያ የት እንደምንሰግድ ለማናውቀው ወገን ይናገር ነበር ማለት ነው። ሙስሊም ፕሮ ግንኙነቱን ወዲያው አቋረጠ፤ በዲሴምበር አፕልም ጉግልም የኤክስ-ሞድን ኮድ ከመደብሮቻቸው አገዱ። ልብ በሉ፤ መተግበሪያው በሁለቱም መደብር ተፈትሾ ያለፈ ነበር። "አይፎን ስለያዝኩ ደኅና ነኝ" የሚለው እዚህ ላይ አልሠራም።

ዛሬ በሁለቱም ሲስተም ይህን ማጥበብ ይቻላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ መፍቀድ በአይፎን ከ2019፣ በአንድሮይድ ከ2020 ጀምሮ አለ። ትክክለኛውን ነጥብ ሳይሆን ግምታዊ ቦታ ብቻ መስጠት ደግሞ በአይኦኤስ 14ና በአንድሮይድ 12 መጣ። የሶላት ወቅት ለማስላት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፣ ስለዚህ አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው። በጎንደር ኬክሮስ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲሄዱ 108 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስልኩ ቦታችንን በ10 ኪሎ ሜትር ቢስት እንኳ ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያም የተሻለ አለ፤ ፈቃዱን ሙሉ በሙሉ ከልክሎ "ጎንደር" ብሎ በእጅ መጻፍ።

ሰዓቱን በእርግጥ የሚያዛባው የስሌት ምርጫው ነው። ፈጅርን አንዱ ስሌት ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ሌላው 15 ዲግሪ ላይ ስትሆን ያስገባል። በመካከላቸው በእኛ አካባቢ 12 ደቂቃ ያህል አለ። ዐስርም በሻፊዒይና በሐነፊይ ምርጫ ይለያያል። በረመዳን በአንድ ዶርም ሁለት ስልክ በተለያየ ደቂቃ አዛን ሲያሰማ ጥፋቱ የአንድሮይድም የአይፎንም አይደለም። ሁለቱንም ከፍታችሁ ስሌቱን ከመስጂዳችሁ ሰሌዳ ጋር አስተካክሉ።

ቂብላ ላይ ግን ስልኩ ራሱ ይለያል። የቂብላ ቀስት የሚዞረው በስልኩ ውስጥ ባለ መግነጢስ አነፍናፊ ነው። ከ2009 ወዲህ የወጡ አይፎኖች ሁሉ አላቸው፤ ብዙ ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ግን የላቸውም፣ መተግበሪያው ቢጫንም ቀስቱ ዝም ብሎ ይቆማል ወይም ያሳስታል። ስትገዙ ስለ ኮምፓስ መጠየቅን አትርሱ። ያለው ስልክም በዶርም የብረት አልጋ ላይ ሲቀመጥ ይሳሳታል፤ ከአልጋው ራቅ ብላችሁ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር እየሠራችሁ ካወዛወዛችሁ በኋላ ለኩ። ከጎንደር ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምፓስ የሌለው ስልክ ያላችሁ፣ ካለው ጓደኛ ጋር አንድ ቀን ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሕንፃው አይዞርም።