ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት፦ የትንሽ ከተማ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሕንፃ እንዴት ይታቀዳል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ትንሽ ከተማ ውስጥ ቤት ገዝቶ የሚኖር ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። የፖሊስ ጣቢያውና የእሳት አደጋ ጣቢያው አርጅተዋል፤ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኖር አዲስ ሕንፃ እንሥራ፤ ለዚህም የቤት ግብር ለተወሰኑ ዓመታት ይጨምር። ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም? ጥያቄው ሲቀርብልን የአብዛኞቻችን ሐሳብ መጀመሪያ የሚያርፈው በገንዘቡ ላይ ነው። ያ ቁጥር ግን በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ጥቂት ሰው ብቻ በተገኘባቸው ስብሰባዎች ከተወሰኑ ነገሮች ተደማምሮ የመጣ ነው። በድምፅ መስጫው ቀን ለነዋሪው የሚቀረው መስማማት ወይም አለመስማማት ብቻ ነው። የሕንፃውን ቦታ፣ ስፋትና ዋጋ መለወጥ የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ለምን አዲስ ሕንፃ?

የቆየ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሲሠራ መኪኖቹ ዛሬ ካሉት ያነሱ ነበሩ። ሕንፃው ባለበት ቀረ፤ መኪኖቹ ግን ረዘሙ፣ ከበዱ። በሩ ዝቅ ያለና ጠባብ በመሆኑ ከተማዋ አዲስ መኪና ስትገዛ በበሩ ልክ እንዲሠራላት ለማዘዝ ትገደዳለች። ወለሉም ለዚያ ክብደት የታሰበ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ግን የሠራተኞቹ ጤና ነው። ከቃጠሎ የተመለሰ ሠራተኛ ጥላሸት የጠጣውን የሥራ ልብሱን አውልቆ የሚሰቅለው ከመኪናው ጎን ባለ መንጠቆ ላይ ነው። መኪናው ሲነሳ የናፍጣው ጭስ እዚያው ልብስ ላይ ያርፋል። ከመኪና ማቆሚያው በቀጥታ የሚከፈተው በር ደግሞ ወደ ማዕድ ቤቱ ያስገባል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን በ2012፣ የእሳት አደጋ ሥራን ራሱን ደግሞ በ2022 ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚነደፍ ጣቢያ በሦስት ይከፈላል። የተበከለው ልብስና መሣሪያ የሚራገፍበት ክፍል፣ ሰውነት የሚታጠብበትና ልብስ የሚቀየርበት መሸጋገሪያ፣ ከዚያም ሰው የሚበላበትና የሚተኛበት ንጹሕ ክፍል። የልብስ ማጠቢያው፣ የተለየው የልብስ ማስቀመጫና ጭስ የሚስበው ቱቦ ሁሉ ቦታ ይፈልጋሉ። በፕላኑ ላይ የሚታየው ስፋት ቅንጦት የሚመስለው ይህን ለማያውቅ ሰው ነው።

የፖሊስ ጣቢያውም የራሱ ችግር አለው። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ በካቴና ታስሮ የመጣ ሰውና ልጄ ጠፋብኝ ብላ የመጣች እናት በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ኮሪደር ይተላለፋሉ። አዲስ ጣቢያ ሲሠራ የፖሊስ መኪናው ከነተያዘው ሰው የሚገባበትና በሩ ከኋላው የሚዘጋ ጋራዥ ይኖረዋል። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ጋር በዓይንም በድምፅም እንዳይገናኙ ከ1974 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይጠይቃል። የማስረጃ ማስቀመጫ ክፍሉ ማስረጃውን የማን እጅ እንደነካው የሚታወቅበት፣ ተቆልፎ የሚጠበቅ መሆን አለበት። አለበለዚያ ማስረጃው ፍርድ ቤት ሲደርስ ጥያቄ ይነሳበታል።

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አብረው ሲሠሩ የስብሰባና የሥልጠና አዳራሹን፣ የስልክ ጥሪ መቀበያውን፣ ጄኔሬተሩንና የውጭውን የመኪና ማቆሚያ ይጋራሉ። ቁጠባው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ወጪው በግማሽ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው። የእስረኛ ክፍልና የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያ የሚጋሩት ነገር የለም።

ማን ያቅዳል?

ሥራው የሚጀምረው ከተማዋ በምታቋቁመው የሕንፃ ኮሚቴ ነው። አባላቱ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው ነዋሪዎች ናቸው። ቀጥሎ ለጥናት የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ይፈቀዳል። ጥናቱ ሦስት ነገር ይመልሳል፤ ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል፣ የት ይሠራ፣ በግምት ስንት ይፈጃል።

በማሳቹሴትስ ሕግ 1.5 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚገመት የሕዝብ ሕንፃ ከተማዋ አርክቴክት ከመቅጠሯ በፊት የራሷን የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ መቅጠር አለባት። ይህ ሰው ከአርክቴክቱም ሆነ ከኮንትራክተሩ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው፣ ለከተማዋ ብቻ የቆመ ባለሙያ ነው። ግምቱ ተጋነነ ወይ፣ ፕላኑ አለቅጥ ሰፋ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና ከጅምሩ መኖሩ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የቦታው ምርጫ ከሁሉም በላይ ከባድ ውሳኔ ነው። ከተማዋ ያላት ባዶ መሬት ነጻ ቢመስልም ከአብዛኛው ነዋሪ የራቀ ከሆነ ከጣቢያው የሚነሳ አምቡላንስ በየጥሪው ደቂቃ ያጣል። ረግረግ አጠገብ ከሆነ የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ያስፈልጋል። አፈሩ በቀድሞ ነዳጅ ማደያ ተበክሎ ከሆነ ማጽዳቱ በራሱ ወጪ ነው። አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ እዚያው ይሠራ ከተባለ ደግሞ ግንባታው እስኪያልቅ መኪኖቹና ሠራተኞቹ የሚቆዩበት ጊዜያዊ ጣቢያ ይፈለጋል፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ግንባታው ሲያልቅ ተመልሶ የማይገኝ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ የእኔ ቤት በዚህ ዋጋ ሲሠራ ይህ ሕንፃ ለምን እጥፍ ይሆናል? የግንባታ ደንቡ የእሳት አደጋና የፖሊስ ጣቢያዎችን የድንገተኛ ሕክምና ከሚሰጡ ሆስፒታሎች ጋር በአንድ መደብ ያስቀምጣቸዋል። ማዕበልም ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሌላው ሕንፃ ቢጎዳ እንኳ እነሱ ቆመው ሥራ መቀጠል አለባቸው። ስለዚህ መሠረቱና ምሰሶው ይጠነክራል፤ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ የራሱ የኃይል ምንጭ ይገጠምለታል። በተጨማሪም በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ጨረታ ይወጣበታል፤ ለሠራተኞቹም ግዛቱ በወሰነው የደመወዝ ልክ ይከፈላቸዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የትምህርት ቤት ሕንፃ ሲሠራ የማሳቹሴትስ ከተሞች ከግዛቱ የትምህርት ቤት ሕንፃ ባለሥልጣን የወጪውን ከፊል ያገኛሉ። ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ጣቢያ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ የግዛት ምንጭ የለም። ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው የፌዴራል እርዳታም በአብዛኛው ለመሣሪያ፣ ለሥልጠናና ለሠራተኛ እንጂ አዲስ ጣቢያ ለመገንባት አይደለም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ከ20,000 የማይበልጥ ሕዝብ በሚኖርባቸው የገጠር ከተሞች ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ የረጅም ጊዜ ብድር ይሰጣል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑት እርዳታም ይጨምራል። ከዚህ ያለፈው ሸክም የሚወድቀው በነዋሪው ላይ ነው።

እዚህ ላይ የግዛቱን ዋና የግብር ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። መራጮች በ1980 ባጸደቁት፣ ፕሮፖዚሽን ሁለት ተኩል በሚባለው ሕግ መሠረት አንድ ከተማ በአጠቃላይ ልትሰበስብ የምትችለው የቤት ግብር ጣሪያ ካለፈው ዓመት ጣሪያ ከ2.5 በመቶ በላይ አያድግም፤ በአዳዲስ ግንባታ የሚገኘው ግብር ብቻ በላዩ ይጨመራል። ገደቡ የእያንዳንዱን ሰው ሂሳብ የሚመለከት አይደለም፤ የከተማዋን ድምር ነው። በዚህ ገደብ ውስጥ ሆኖ የትልቅ ሕንፃ ዕዳ መክፈል ስለማይቻል ሕጉ ራሱ አንድ በር ይከፍታል፤ እሱም ዴት ኤክስክሉዥን ይባላል። መራጩ ከፈቀደ የዚያ ሕንፃ ዕዳ ከገደቡ ውጭ ይሰበሰባል፤ ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅም ጭማሪው አብሮ ይቆማል። ኦቨርራይድ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጣሪያውን ለዘለቄታው ከፍ ያደርገዋል። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የተጠየቀው የትኛው እንደሆነ መለየት ግዴታ ነው።

ሕንፃው ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ታውን ሚቲንግ የሚባለው የከተማዋ የውሳኔ ጉባኤ ነው፤ ለመበደር የተሰብሳቢው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የምርጫ ሳጥን ነው፤ እዚያ ከግማሽ በላይ ይበቃል። አንዱ ብቻ ቢከፈት ሕንፃው አይሠራም።

ስሌቱ በተግባር

ለማስረዳት ያህል የከተማዋ ቤትና ንብረት ሁሉ 2 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ እንበል። ሕንፃው 20 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ ገንዘቡም በ4 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት በሚከፈል ቦንድ ይገኛል። በየዓመቱ እኩል ከተከፈለ የዓመቱ ክፍያ ወደ 1.47 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለ2 ቢሊዮኑ ሲካፈል ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የቤት ግምት ላይ 74 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። ቤቱ 500,000 ዶላር የተገመተ ሰው በዓመት 368 ዶላር፣ በወር 31 ዶላር አካባቢ ይጨምራል ማለት ነው።

ይኸው ዕዳ በ30 ዓመት ቢከፈል የዚያ ቤት ጭማሪ በዓመት ወደ 289 ዶላር ይወርዳል። ከተማዋ ለወለድ የምትከፍለው ግን ከ9.4 ሚሊዮን ወደ 14.7 ሚሊዮን ዶላር ያድጋል። በተቃራኒው በ20 ዓመቱ ዋናውን ብድር በየዓመቱ እኩል እየቀነሱ ቢከፍሉ ያ ቤት በመጀመሪያው ዓመት 450 ዶላር፣ በመጨረሻው 260 ዶላር ይከፍላል፤ ጠቅላላ ወለዱም 8.4 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ "በዓመት ስንት ነው?" ብሎ ማቆም አይበቃም፤ "ለስንት ዓመት፣ በየትኛው አከፋፈል?" ብሎ መቀጠል ያሻል። ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮችና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የቤት ባለቤቶች ግብር የሚቀነስበት ወይም የሚዘገይበት መንገድ በሕግ አለ። ያላመለከተ ግን አያገኝም፤ በዕድሜ የገፉ እናትና አባታቸው የቤት ባለቤት የሆኑ ልጆች ይህን ከከተማዋ የግብር ገማቾች ቢሮ ጠይቀው ቢያስፈጽሙላቸው መልካም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በብዙ ስብሰባ ይዘነጋል። ዴት ኤክስክሉዥን የሚሸፍነው ዕዳውን ብቻ ነው። የአዲሱ ሕንፃ ማሞቂያ፣ ጽዳት፣ ጥገናና ተጨማሪ ሠራተኛ ካለ ደመወዙ ከዚያው በ2.5 በመቶ ከታጠረው በጀት፣ ከትምህርት ቤቱና ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ተሻምቶ የሚወጣ ነው።

የድምፁ ጊዜም ዋጋ አለው። አንዳንድ ከተማ በግምት ላይ ተመሥርቶ ድምፅ ያሰጣል፤ ጨረታው ሲከፈት ዋጋው ከግምቱ በላይ ከሆነ ወይ ሕንፃው ይቀነሳል፣ ወይ እንደገና ሕዝብ ይጠየቃል። ሌላው ግን የፕላኑን ሙሉ ወጪ አስቀድሞ ከፍሎ፣ ጨረታ ከፍቶ፣ እርግጠኛውን ቁጥር ይዞ ይቀርባል። በሁለተኛው መንገድ ሕዝቡ እምቢ ካለ ለፕላኑ የወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል፤ ቢሆንም መራጩ የሚፈቅደውን ነገር አውቆ ይፈቅዳል። እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ። ከሁሉም የከፋው ወለሉ እስኪሰነጠቅ ጠብቆ፣ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው በጥድፊያ መጀመር ነው። የግንባታ ዋጋ ሲጨምር የዘገየ ከተማ ለዚያው ሕንፃ የበለጠ ይከፍላል።

ነዋሪው ምን ያድርግ?

በማሳቹሴትስ የሕንፃ ኮሚቴ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓላት ሳይቆጠሩ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማስታወቂያ ይወጣለታል፤ ቃለ ጉባኤውንም ማንም ጠይቆ ማየት ይችላል። በምርጫውም ሆነ ለሁሉም ክፍት በሆነ ታውን ሚቲንግ ድምፅ የሚሰጠው የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ነው። ቤት መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የተከራየ ዜጋም ድምፁ እኩል ነው። ዜግነት ገና ያልወሰደ ሰውም በኮሚቴው ስብሰባ ተገኝቶ መስማት ይችላል። ወገኖቻችን ግብሩን በየጊዜው በሰዓቱ ይከፍላሉ፤ ግብሩ በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይታዩም። ይህ መለወጥ አለበት።

እናንተ በምትኖሩበት ከተማ የጣቢያ ሕንፃ ጉዳይ ከተነሳ የምርጫውን ቀን አትጠብቁ። ከጥናቱ ጀምሮ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ እየሄዳችሁ ስንት ቦታ ታይቶ ይህ ለምን እንደተመረጠ፣ በግምቱ ውስጥ ለመጠባበቂያ የተያዘው ስንት እንደሆነ፣ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚከፈልና የሕንፃው የዓመት ወጪ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። መልሱ ካሳመናችሁ ደግፉ፤ ካላሳመናችሁ ፕላኑ ገና ሊሻሻል በሚችልበት ጊዜ ተናገሩ።