የወንጭፍ ድንጋይ እንዴት ይሄዳል?

በፊዚክስ ክፍል የተወረወረ ነገር እንዴት እንደሚሄድ ተማርን። የገባን ግን ካርሜ ጋት አጠገብ ሜዳ ላይ፣ ከአንዷ ጓደኛችን አያት ነው። (የከተማችን ስም የመጣው ከጎልያድ አገር፣ ከጌት ነው፤ ስለዚህ ወንጭፍ እዚህም እንግዳ አይደለም።)

አባባ ጎንደር ልጅ ሳሉ ማማ ላይ ሆነው ማሽላ ከዝንጀሮ ይጠብቁ ነበር። «ከዝንጀሮው በላይ አነጣጥሩ» አሉን። ለምን? «ድንጋዩ ይወድቃላ!»

እኛ ድንጋይ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ የሚወድቅ ይመስለን ነበር። እንደዚያ አይደለም። ከወንጭፉ እንደወጣ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ያን ጊዜውኑ መሬትም ትስበዋለች፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ጋሊሊዮ ይህን እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

አየሩን ትተን አሰላነው። በሴኮንድ 30 ሜትር የሚሄድ ድንጋይ 30 ሜትር የራቀ ዝንጀሮ ጋ ለመድረስ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያች ሴኮንድ 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። በ2 ሴኮንድ ግን 10 ሳይሆን 20 ሜትር ነው! ዝንጀሮው ሲርቅ አባባ በጣም ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ጣሳ አቁመን ወረወርን። አባባ በሦስተኛው መቱት። እኛ ቀመሩን ይዘን አንዳችንም አልመታንም።