አባባ ተስፋዬና የተዋናይነት ሙያ

ተዋናይነት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የሰውን ጠባይ አስመስሎ ማሳየት ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የጎደለውን ለመረዳት የአንድ አንጋፋ ተዋናይ የሥራ ዘመን እንመልከት። እኚህም አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። ወደ መድረክ በወጡበት ዘመን ቴአትር የምትሠራ ሴት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ የሴትን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር፤ እሳቸውም ከነዚሁ አንዱ ነበሩ። በጃፓን አገር በካቡኪ ቴአትር እንዲህ ያለው አሠራር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ ቆይቷል። በእኛ ዘንድ ግን ችግር የወለደው ዘዴ ስለ ነበረ ሴቶች ወደ መድረክ ሲመጡ ቀረ።

ኋላም ክራር መቱ፤ ምትሐት አሳዩ፤ ኮርያ ድረስ ሄደው የዘመተውን ሠራዊታችንን አዝናኑ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአገራችን ሲጀመር የልጆችን ጊዜ ያዙ፤ 42 ዓመትም ሠሩበት። እዚህ ላይ ልብ እንበል። በመድረክ ተመልካቹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ካሜራ ግን መልስ አይሰጥም። አባባ ተስፋዬ ልጆቹ ከፊታቸው የተቀመጡ ያህል ሰላምታ ይሰጡ ነበር፤ ልጆቹም በየቤታቸው ይመልሱላቸው ነበር። እንግዲህ የጎደለው ይህ ነው፤ ተዋናይ ማስመሰል ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የሌለውን ሰው ማነጋገር ይኖርበታል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ተረታቸውን ሰምተው ያደጉት ራሳቸው ወላጆች ሆነው ነበር።

ይህ ነገር በአሶሳ ለምንማረው ምን ይጠቅማል? የአባባ ተስፋዬ ተረት የሚነገረው በአማርኛ ነበር። በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅም በገዛ ቋንቋው እንዲህ የሚያጫውተው ሰው ይገባዋል። ተረቱ በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ዘንድ አለ። ይሁን እንጂ ተናጋሪው ሲያልፍ ቃሉ ብቻ ሳይሆን አነጋገሩም አብሮ ይቀበራል። የት ላይ ዝም እንደሚል፣ የጅቡን ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ ወረቀት ብቻውን አይነግረንም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ተረት ከነአነጋገሩ አጥንተን እንምጣ። ስንመለስም ለአካባቢው ልጆች እንጫወትላቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ድምፅና ፊት ነው፤ ሁለቱም አሉን።